ንጉሡ ሞተው ሳሉ

ቲያትር ቤቱ ውስጥ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ሹክታ» ነው የሚላት። ሥራዋ ከመጋረጃው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ተዋናይ ቃሉ ሲጠፋበት ከጽሑፉ እያነበበች ሹክ ማለት ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ስንቱን ከጉድ አውጥታለች! ተመልካች ግን አንድም ቀን ድምጿን ሰምቶ አያውቅም፤ ኩራቷም ይኸው ነበር።

ከዚያ ጉንፋን ያዛት። ጉንፋኑ በሳምንቱ ለቀቃት፤ ሳሉ ግን ዓመት ከመንፈቅ አልወጣም አለ። ብርድ ሲነካት ትስላለች፣ ሽቶ ሲሸታት ትስላለች፣ ስልክ አንስታ «ሃሎ» ስትል ትስላለች። ሳንባዋ ራጅ ተነሣ፤ ንጹሕ ነው ተባለ። የአስም መድኃኒት ሳበች፣ የጨጓራ ክኒን ዋጠች፤ ወይ ፍንክች! ጎማ ጠጋኙ ባሏ ደግሞ «የሆነ ቦታማ ቀዳዳ አለ» እያለ ማር በሙቅ ውሃ ይግታታል።

አንድ እሑድ ከሰዓት ግን ጉድ ፈላ። ንጉሡ አልጋ ላይ ሞተው ተዘርግተዋል፤ ንግሥቲቱ ተንበርክካ ታለቅሳለች፤ አዳራሹ ጭጭ ብሏል። የንግሥቲቱ ሽቶ መጋረጃውን አልፎ የሹክታን ጉሮሮ ኮረኮረው። አፏን በሻርፕ አፈነች፣ እንባዋ መጣ፣ አልቻለችም፤ ሳሉ እንደ መድፍ ፈነዳ።

«ኧረ ንጉሡ አልሞቱም!» አለ ከፊት ረድፍ አንዱ።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ንግሥቲቱ ሳትቀር ፊቷን ሬሳው ደረት ላይ ደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

መጋረጃው ሲዘጋ ንጉሥ የነበረው ተዋናይ ዘውዱን አውልቆ መጣ። «እኔ ሞቻለሁ እንጂ አልሳልኩም! ሰው ሁሉ ግን ያፈጠጠው እኔ ላይ ነው!»

ሹክታ በማግሥቱ ሰው ፊት ቀና ማለት አፈረች። በሳል ላይ የሠለጠነች ሐኪም አለች ሲሏት እዚያው ሄደች። ሐኪሟ ልጇ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት።

«ችግሩ ሳንባዎ ላይ አይደለም፣ ነርቭዎ ላይ ነው» አለቻት።

«ነርቭ? አብደሻል ልትዪኝ ነው ልጄ?»

«ኧረ በፍጹም፣ እናቴ! ከጉሮሮ ወደ አንጎል መልእክት የሚያደርሱ ነርቮች አሉ። ትን ሲልዎት የሚያስጠነቅቁት እነሱ ናቸው። ጉንፋኑ አስቆጣቸው፤ እሱ ሲሄድም አልተረጋጉም። አሁን ለሽቶ ይደነግጣሉ፣ ለብርድ ይደነግጣሉ፣ ለራስዎ ድምፅ እንኳ ይደነግጣሉ። አንጎልም አምኗቸው ያስልዎታል።»

«ውሸታሞች ናቸዋ!»

«ድንጉጦች ናቸው። ቀስ ብለን እናለማምዳቸዋለን።»

መለማመጃው ቀላል ነው። ኩርኮራው ሲጀምር መዋጥ፣ አየር በአፍንጫ መሳብ፣ ከንፈርን ሰብሰብ አድርጎ ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ ውሃ ፉት ማለት። «ደግሞ ሹክሹክታ ክልክል ነው፤ ጉሮሮን ያስጨንቃል» አለች ሐኪሟ በመጨረሻ።

«ሙያዬ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች ሹክታ። ወዲያው ሳለች።

አዘጋጁ መላ መታ፤ ቃሉን ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፋ ከመጋረጃው ጠርዝ ታሳይ። ንጉሡ ግን ዓይኑ ደካማ ነው። «ቃሌን አልሰብርም» የሚለውን አጮልቆ አየና፣ ደረቱን ነፍቶ «ቅሌን አልሰብርም!» ብሎ አወጀ። ከዚያ ወዲህ ተዋናዮቹ ሁሉ ካርቶኑን ከመፍራት የተነሣ ቃላቸውን አጥንተው መምጣት ጀመሩ። ሹክታ ሥራ ፈታ ተቀምጣ ምራቋን ትውጣለች፣ ትተነፍሳለች።

መጀመሪያ ላይ ከአሥሩ ዘጠኙን ሳሉ ያሸንፋት ነበር። እሷ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ «ሽቶ ነው፣ አትደንግጡ» እያለች በሆዷ ነርቮቿን ታባብላለች። በሦስተኛው ወር አንድ ሙሉ ትርኢት ሳትስል ጨረሰች። በአምስተኛው ሳሉ በቀን ሁለት ሦስቴ ብቅ እያለ የሚመለስ እንግዳ ሆነ።

ባሏ ግን አልተመቸውም። «ድሮ የትኛው ክፍል እንዳለሽ በሳልሽ ነበር የማውቀው» አላት። «አሁን ክፍል ለክፍል እየዞርኩ ልፈልግሽ ነው?»

ሹክታ ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል አመጣባት፤ እየሳለች እንደገና ሳቀች።