የሰረዝኳት አንቀጽና የአባቴ ሱቅ

አባቴ አዳማ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ሱቁ ጠባብ ነበረች። የሞቱ ቴሌቪዥኖች እስከ ጣሪያ ተደርድረውባት ደንበኛ የሚገባው በጎኑ ነው። የመቂ ሽንኩርት ነጋዴ ቴፑን፣ የባቱ ባለ ባጃጅ ስፒከሩን አቅፎ በሩ ላይ ይቆማል፤ አባቴ ደግሞ ከአንዱ ሬሳ አንዲት ዕቃ ነቅሎ ሌላውን ያስነሳል። እኔንም ያስተማረኝ በዚሁ ነው። የመጀመሪያዋን ኮምፒውተሬን እንኳ ከሦስት የተበላሹ ኮምፒውተሮች ገጣጥሞ ነው የሠራልኝ።

ያቺው ልጁ አደግኩና ከተማ አስተዳደሩ ቢሮ ተቀጠርኩ። አንድ ቀን ያገለገሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በከተማው እንዴት እንደሚሰበሰቡና እንደሚወገዱ ዕቅድ አርቅቂ ተባልኩ። ምን ልዋሽ፣ ደረቴን ነፋሁ። ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። መሐል ላይ አንዲት አንቀጽ አለች፤ በጥገና ሱቆች ውስጥ የማያገለግል ዕቃ ማከማቸት የተከለከለ ነው ትላለች። ስጽፋት አባቴ ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ትዝ ብሎኛል። ግን ምን ብዬ ልንገረው? ያሳደገኝን ሰው ሱቅህን ዝጋ ልበለው? ይሉኝታ ያዘኝና ነገ ዛሬ እያልኩ ዝም አልኩ። ረቂቁም ከአባቴ ጋር በምንኖርበት ቤት፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ሰነበተ።

ከዚያ ለዕቅዱ መረጃ ልሰበስብ ቅጽ ይዤ ቤት ለቤት መዞር ጀመርኩ። የቅጹ የመጀመሪያ ጥያቄ «የማያገለግል የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አለ?» ይላል። ሁሉም የለም ይሉኛል። ወይ ጉድ፣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ዕቃው አይበላሽም እንዴ እያልኩ ስደነቅ፣ አንዲት እናት «አካም ጅርታ» ብለው ሰላም አሉኝና አስገቡኝ። እሳቸውም የለም አሉ። ከኋላቸው ግን የሚሠራው ቴሌቪዥን በማይሠራው ላይ ተቀምጧል፤ የታችኛው ደግሞ ዳንቴል ለብሷል።

«ይሄ የታችኛውስ፣ እናቴ?»

«እሱማ ቴሌቪዥን ነው!»

«ይሠራል?»

«ምስል የለውም፣ ድምፅም የለውም። ሌላው ደህና ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ።

«ታዲያ መንግሥት ሊወስድብኝ ነው? ለማንም አልሰጥም» አሉ ቆየት ብለው። «ብሰጥ ብሰጥ እዚያ ታች ለሚጠግኑት ሽማግሌ ነው። ከውስጡ አንዲት ነገር ቢያወጡ እንኳ ነግረውኝ ነው።»

ሽማግሌው አባቴ ነው። አልነገርኳቸውም። ፊቴ ሲግል ግን ተሰማኝ።

የዚያን ቀን ነገሩ ገባኝ። ለእኛ ሰው የተበላሸ ዕቃ ገና አልሞተም፤ ሐኪም እየጠበቀ ነው። ሐኪሙ ቤት ካልደረሰ ደግሞ ቆራሌ ይወስደዋል፤ ከዚያ ከተማው ዳር ሽቦው ተቃጥሎ መዳቡ ይወጣል። ያን ጭስ አንዴ የሳበ ሰው ጉሮሮው አይረሳውም። ሄጄ አንቀጿን ሰረዝኳት። በምትኩ ዕቃው የሚሰበሰበው ሕዝቡ በሚያምናቸው ጠጋኞች በኩል ይሁን፣ ሱቆቻቸውም መቀበያ ይሁኑ ብዬ ጻፍኩ። ስጽፍ በልቤ የመጀመሪያዋ መቀበያ የአባቴ ሱቅ ነበረች። አለቃዬ ወደደው። አባቴ ስለ መጀመሪያው ረቂቅ ምንም አያውቅም ብዬ ስለ ሁለተኛውም ለመንገር አልቸኮልኩም። ንጹሑ ቅጂ ታትሞ ሲወጣ ወስጄ አስደስተዋለሁ አልኩ።

ሲታተም ይዤው እየበረርኩ ሄድኩ። በሩ ላይ ክው ብዬ ቀረሁ። ሱቋ ባዶ ናት። ግድግዳው በብየዳ ጭስ ጠቁሮ፣ ቴሌቪዥኖቹ የነበሩበት ቦታ ብቻ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ነጭ ይታያል። አባቴ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሏል።

«አባዬ! ዕቃው የታለ?»

«ትናንት ቆራሌ ጠርቼ አስወሰድኩት። ሁለት ጋሪ ሞላ። ለካስ ሱቋ ሰፊ ነበረች!» ብሎ ሳቀ።

«ለምን?»

«ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አነበብኩታ። ልጅቷ ትከለክላለች፣ አባቷ ያከማቻል ብለው ሥራ ቦታሽ እንዲያሙሽ ነው?»

 አዲሱን ረቂቅ ዘረጋሁለት። መነጽሩን አደረገና ጣቱን ከመስመር መስመር እያስኬደ አነበበ። ስለ ጠጋኞቹ ሱቆች የምትለዋ አንቀጽ ላይ ጣቱ ቆመ።

«ይቺ መቼ ተጻፈች?»

«ሳምንት አለፋት።»

 ጮህኩ። በራሴ ነው የተናደድኩት፤ የጮህኩት ግን በእሱ ላይ ነው። «ምነው አንድ ቃል ብትጠይቀኝ! አንድ ቃል! ይሄኔ እኮ ከተማው ዳር እያቃጠሉት ነው!»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ።

«ብጠይቅሽማ ትመልሺልኝ ነበር» አለ። «ዝጋ የሚለውን ካንቺ አፍ እንዳልሰማ ብዬ ነው፣ ልጄ።»