ከሥራ ያልወጣው ድምፄ

አሰላ ውስጥ በመልኬ የሚያውቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ በድምፄ የሚያውቀኝ ግን ከአርቦዬ እስከ በቆጂ ሞልቷል። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ «እዚህ ጋ አውርደኝ» ስል ሹፌሩ በመስታወቱ አፍጥጦ ያየኛል። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስመርጥ አጠገቤ ያለች ሴት፣ «ትናንት ስለ ገብሴ ያማከርሽኝ አንቺ አይደለሽም?» አለችኝ። አይደለሁም አልኳት። መልሴን ስትሰማ ጭራሽ ሳቀች፤ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ወይ አንቺ፣ ልታሞኚኝ ነው!» አለች። እውነቴን ነበር። ስለማንም ገብስ አልተናገርኩም፤ ከዚያ ሥራ ከተባረርኩ ሰነባብቻለሁ። ድምፄ ግን አልተባረረም።

መሥሪያ ቤታችን ገበሬ በነፃ የሚደውልበት አጭር ቁጥር ነበረው። ስንዴውን ዋግ ሲመታው፣ ዝናብ ሲቀር፣ በአጨዳ ሰሞን ኮምባይነር ሲጠፋ ይደውላል። እኛ ደግሞ ከአንድ ባንክ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ተደርድረን፣ ማዳመጫ ጆሯችን ላይ ደፍተን፣ በአማርኛም በኦሮምኛም እንመልሳለን። የተማርኩት እርሻ ነው። ሥራውን እወደው ነበር፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ከቂም ብቻ የመጣ ሊመስል ይችላል። ቂም የለበትም አልልም።

የአርሲ ገበሬ ሲደውል ወደ ጉዳዩ አይሮጥም። «አካም ጅርታ» ብሎ እንዴት ነሽ ይለኛል፤ «ነጋዳ»፣ ደህና ነኝ፣ እላለሁ። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ጎረቤቱ አንድ በአንድ ይጠየቃሉ። ከዚያ ወደ እኔ ይዞራል። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ የሚጠየቀው ስለ እናቴ ነው። «እናትሽስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው?» ይሉኛል፣ እናቴን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች። «ደህና ናት፣ ጌታ ይመስገን» እላለሁ፤ ደዋዩ ሙስሊም ከሆነ ደግሞ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ከአዲስ አበባ የተላከልን ወጣት ማኔጀር፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው በጣቶቹ ጫፍ የሚራመድ ልጅ፣ ይህ ሰላምታ ያንገበግበው ነበር። ጥሪው ሲረዝም ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ቀይ ይሆናል። «የተደወለው ስለ ስንዴ ነው ወይስ ስለ እናትሽ?» ይለኛል። «ስለ ሁለቱም» እለዋለሁ።

ከዚያ ኤአይ መጣ። መጀመሪያ የመጣው በቲሸርት ነው፤ ደረቱ ላይ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ሰማያዊ ቲሸርት ለሁላችንም ታደለን። ቀጥሎ ባለሙያዎች መጡ። የሚያብረቀርቅ ሥዕል ግድግዳ ላይ እያሳዩ፣ «ኤአይ ሥራችሁን አይወስድም፤ ያግዛችኋል» አሉን። አጨበጨብን። ለምን እንዳጨበጨብን ዛሬም አላውቅም፤ ኬክ ስለነበረ ይመስለኛል።

ማሽኑ በማን ድምፅ ይናገር ብለው ድምፃችንን ሲመረምሩ ከርመው የእኔን መረጡ። «ሙቀት አለው» አሉ። ጥሪው ሁሉ «ለአገልግሎት ጥራት ሲባል» ይቀረጽ ስለነበር የዓመታት ሰላምታዬ እጃቸው ላይ ነው። ትስማሚያለሽ ወይ ሲሉኝ እስማማለሁ አልኩ፤ በዚያ ቤት እምቢ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። በሙከራው ጊዜ ማሽኑ ዘው ብሎ ወደ ስንዴው ሲገባ ገበሬው «ምን ዓይነት ስድ ናት!» እያለ ይዘጋበት ነበር። ስለዚህ ማኔጀራችን ያንን ሲያንገበግበው የኖረውን ሰላምታ ሙሉ በሙሉ፣ ከነእናቴ፣ ማሽኑ ውስጥ አስገባው። አሁን ቢረዝምም ስክሪኑ አይቀላም። ማሽን ጊዜ አያባክንም ተባለ።

የተሰናበትንበት ቀን ኬኩ ከመቼውም የሚበልጥ ነበር። «እኛ ቤተሰብ ነን» አለ ማኔጀሩ፣ ዓይኑን ከላፕቶፑ ሳያነሣ። ልጆቹን አዳራሽ ሰብስቦ መታወቂያችሁን ለዘበኛው አስረክቡ የሚል ቤተሰብ እኔ አላየሁም። ማባረር የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም፤ «ወደ አዲስ ምዕራፍ እየተሸጋገራችሁ ነው» ነው ያለው። ደረጃውን ስወርድ ከላይ፣ ከባዶው ክፍል፣ ድምፄን ሰማሁት። ለሙከራ በድምፅ ማጉያ ከፍተውት ነው። «ነጋዳ፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ?» ይላል። ሳላስበው አፌን በእጄ ያዝኩ።

እናቴ አንድ ወንድም ብቻ ነበራት። ከበቆጂ አለፍ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚያርሱ፣ ቁጡም ሳቂታም ሰው ናቸው። በቃላቸው የሚያውቁት ስልክ አንድ ነው፤ ያ አጭር ቁጥር። ድሮ ሌላ ሠራተኛ ሲያነሣባቸው «የእህቴን ልጅ አቅርቡልኝ» ይሉ ነበር። ማሽኑ ከገባ ወዲህ ጧትም ማታም የማነሣው እኔው ሆንኩ። አጎቴ «ልጃችን አድጋለች፣ አሁን ገና ሲጠራ ታነሣለች» ብለው ለአገሩ ሁሉ አወሩ። እናቴን ሊጠይቁ አሰላ በመጡ ጊዜ እውነቱን ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ እኔ ከሥራ ወጥቻለሁ። እዚያ የሚያናግሩት እኔን አይደለም፤ ማሽን ነው።»

«ስልኩስ ማሽን አይደል እንዴ?» አሉኝ እየሳቁ። «ድሮም በማሽን ነው የተነጋገርነው። የእህቴን ልጅ ድምፅ ላጣው ነው?»

ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ እኔ ራሴ ያልገባኝን ነገር። እናቴ «ተዪው፣ በድምፅሽ ደስ ይበለው» ብላ አስጣለችኝ።

እናቴ የሞተችው በድንገት ነው። ከምሳ በኋላ «ትንሽ ጋደም ልበል» ብላ ገባች፤ ሻይ ይዤላት ስገባ አልነበረችም። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሬሳ አጠገብ የተቀመጠ ሰው እንኳን ከሩቅ ዘመድ ሲደወልለት «ደህና ነን» ነው የሚለው። ሰው ሄዶ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ፣ ጎረቤት ዙሪያውን ከቆመ በኋላ ነው የሚነገረው፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲኖር። እናም የቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሽማግሌና እህል ነጋዴው ሙስሊም ጎረቤታችን ገና ሳይነጋ በነጋዴው መኪና ወደ በቆጂ ተነሡ። አጎቴን ይዘው ለቀብሩ ሊደርሱ ነው። ያለ አንድያ ወንድሟ አፈር አትለብስም ተብሎ ነበር።

እዚያ የሆነውን የነገረኝ ጎረቤታችን ነው። የበቆጂ ብርድ ያንዘፈዝፍ ነበር አለ። አጎቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከበር ወጡ፤ መርዶውን ሰሙ፤ አላለቀሱም። «ቆዩ» ብለው ስልካቸውን አወጡና ያን ቁጥር ደወሉ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት። አነሣሁ። ማለቴ፣ አነሣች።

«እንዴት አደርሽ ልጄ? እናትሽስ?»

«ደህና ናት፣ ጌታ ይመስገን። እናንተስ? ከብቱስ? ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል?»

«ማታ ስታለቅሺ ጥዬሽ የሄድኩ ሰው ነኝ» አለኝ ጎረቤታችን። «ያን ድምፅ ስሰማ አዑዙ ቢላሂ ብዬ ወደ ኋላዬ ሸሸሁ።» ሽማግሌው ቶሎ ብለው «ሞት በስልክ ስለማይነገር ደብቃብዎት ነው» አሉ። አጎቴ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጅቷን አውቃታለሁ። እናቷ ሬሳ ሆና ተጋድማ ድምፅዋ እንዲህ አይረጋም» አሉ።

ልክ ነበሩ። ድምፄ እንዲያ ሊረጋ አይችልም ነበር። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ፤ አጎቴ የተሳሳቱት ስለሚያውቁኝ ነው።

የራሴ ስልክ ቢደወል ዝግ ነው፤ ሴቶቹ ከእጄ ቀምተው የሆነ ቦታ አስቀምጠውት ኖሯል። በሕይወት ያለችን ሴት ሞተች ብሎ በር ማንኳኳት ርግማን ነው ብለው አጎቴ በሩን ዘጉባቸው። መርዶ ነጋሪዎቹ ባዶ መኪና ይዘው ተመለሱ። «እውነት እልሻለሁ» አለኝ ጎረቤታችን፣ «አሰላ እስክንደርስ እናትሽን ደጅ ላይ ቆማ የምናገኛት እየመሰለኝ ነበር። ድንኳኑን ሳይ ነው ልቤ የተመለሰው።»

ጠበቅን። ከጭላሎ ተራራ በኩል ዝናቡ ሲጠቁር ሽማግሌዎቹ ይበቃል አሉ፤ መዘምራኑ ቀደሙ፤ ቀበርናት። አጎቴ የደረሱት ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ነው፤ ዘመድ ተከታትሎ ሰው ልኮባቸው። ጭቃ የሆነውን አፈር አይተው ወደ ቤት መጡ። እኔ ተነሥቼ እየጮህኩ ደረታቸው ላይ ልወድቅ ስል በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ያዙና አራቁኝ። አፌን አፌን አዩት። «የትኛዋ ነሽ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በራሴ ቁጥር ስደውልላቸው ጥቂት አዳምጠው ይዘጋሉ። ከእናቴ ወገን የቀሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ድምፄን ከዚያ ማሽን ካላስወጣሁ አጎቴን እንደማላገኛቸው ገባኝ።

አቤት የሚባልበት መንገድ ያው አጭር ቁጥር ብቻ ነው። ደወልኩ። እኔው አነሣሁ። «እናቴ ሞታለች፤ ደህና ናት ማለትሽን አቁሚ» አልኳት። «ስላጋጠመዎት ችግር ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለችኝ፣ በዕድሜዬ ለማንም ባላሳየሁት ትሕትና። ፎቁ ላይ ብወጣ ዘበኛና ቁልፍ ብቻ ቀርቷል። በመጨረሻ የቀድሞውን ማኔጀር አፈላልጌ በስልክ አገኘሁት። እሱም ወደ አዲስ ምዕራፍ ተሸጋግሯል፤ ሥራውን የሚሠራ ሌላ ማሽን ተገኝቷል። መሳቅ አማረኝ፤ ድምፁ ሲሰበር ግን አልቻልኩም። «የተባረረ ሠራተኛ አቤቱታ አይሰሙም» አለኝ። «ደንበኛ ግን ይሰማሉ። አጎትሽ ራሳቸው ቀርበው ተጎድቻለሁ ካሉ ድምፅሽን ያጠፉታል።»

በማግስቱ በቆጂ ሄድኩ። አጨዳ ነበር፤ ከማዶ ኮምባይነር ያጓራል። አጎቴን ያገኘኋቸው ከታጨደው ገብስ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው። ስልኩ ጉልበታቸው ላይ ነው።

«እናትሽስ?» ይላሉ።

«ደህና ናት፣ ጌታ ይመስገን» ይላል ድምፄ ከጉልበታቸው ላይ።

አጎቴ ቀና ብለው አዩኝ፤ አልደነገጡም፤ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ከሐዘኑ ወዲህ ጎናቸው ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ።

«ጋሼ፣ ይህ ነገር እንዲጠፋ አብረውኝ ይምጡ» አልኳቸው። የምናገረው በሹክሹክታ ነበር፤ እንዳትሰማኝ።

«መሞቷን አውቃለሁ፤ አፈሯን አይቻለሁ» አሉ። «ግን ይቺኛዋን ስጠይቃት እህቴ ደህና ናት። አንቺ በመጣሽ ቁጥር ሞታለች። ምን ላድርግ ልጄ?»

ደሜ ፈላ። ሥራዬን ወሰደች፣ ድምፄን ወሰደች፣ አሁን እናቴንም በሕይወት ይዛታለች። ስልኩ ላይ አጎንብሼ፣ «ስሚ፣ እናታችን…» ስል አጎቴ በመዳፋቸው ስልኩን ሸፈኑት።

«ተዪ!» አሉኝ። «መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ?»

ከመዳፋቸው ሥር ድምፄ በትዕግሥት ጠበቀ። «አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ» አለ። «እንዴት ናችሁ? ሁላችሁም ደህና ናችሁ?»

አጎቴ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ደህና ነን» አልኳት።