ገመቹን ያሳሰረው ኮመንቴ

የእትዬ ዘይነባ ሱቅ በጠራራ ፀሐይ ሲቃጠል እኔ ቡራዩ ጫፍ ገፈርሳ ቤቴ ቁጭ ብዬ የተሰጠኝን ላይክ እየቆጠርኩ ነበር...

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የጋለበት ሰሞን ነው። የአምቦ መንገድ በድንጋይና በጎማ ተዘግቶ ታክሲ የለም፣ ሥራ የለም። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። አዲስ አበባ መግባት ሲያቅተኝ የቡራዩ ሰፈራችን የፌስቡክ ግሩፕ ላይ ተጥጄ እውላለሁ። «ሶኬቴ ይፈነጥቃል» ላለኝ እንዲህ አድርግ፣ «ካውያዬ አልሞቅ አለ» ላለችኝ እንዲያ አድርጊ። ምስጋናው ደስ ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

እትዬ ዘይነባ ቡራዩ መሃል ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። «ሳሚ ልጄ፣ ፊውዙ ተቃጠለ። ፍሪጁ ሙሉ ወተት ነው፣ ናልኝ» ብለው ግሩፑ ላይ ጻፉ። በየት በኩል ልሂድ?

«ከመብራት ገመድ ውስጥ አንድ ክር ሽቦ ይምዘዙና ፊውዙ ላይ ይጠምጥሙት። መንገድ እስኪከፈት ያቆይዎታል» ብዬ ኮመንት ጻፍኩላቸው።

እኛ አገር ይህን ያላደረገ ቤት ያለ አይመስለኝም። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ግን እንዲህ ብሎ መምከር አልነበረበትም። ሽቦ እንደ ፊውዝ ቶሎ አይበጠስም፣ መስመሩ ግሎ እሳት ያነሳል። አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ተቃጠለ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ጎረቤታቸው ገመቹ የብረት በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ነው። ሌላው ሲሸሽ እሱ በባልዲ ውሃ እያመላለሰ ሲያጠፋ ቆየ። ፖሊስ ሲደርስ እጁ የጠቆረ፣ ልብሱ ጭስ ጭስ የሚል እሱ ብቻ ነበር። በዚያ ሰሞን ለተቃጠለ ነገር ሁሉ አቃጣይ ይፈለግለታል። ይዘውት ሄዱ።

ወሬው ሲደርሰኝ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ጠበቃ ለሆነ ጓደኛዬ ደወልኩ።

«በኮመንት ሰው ይጠየቃል እንዴ?»

«ተራ ሰው ብትሆን ባልከፋ። አንተ ግን ፕሮፋይልህ ላይ ኤሌክትሪሺያን ነኝ ብለሃል። ሴትዮዋ ባለሙያ ነው ብዬ አምኜው ነው ካሉ ካሳ ሊጠይቁህ ይችላሉ። ይልቅ ኮመንቱን አጥፋና ዝም በል።»

አጠፋሁት።

በአራተኛው ቀን የገመቹ ሚስት ጫልቱ ከመሃል ቡራዩ በእግሯ ቤቴ ድረስ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ሳሚ፣ ማሎ... እባክህ። አንተ የመብራት ሰው ነህ። እሳቱ ከመብራት ሊሆን ይችላል ብለህ ንገርልኝ። ሊሆን ይችላል ብቻ በል፣ ሌላ አልፈልግም።»

ውሸት የምትለምነኝ መስሏት አፍራ መሬት መሬት ታያለች... እውነቱ ግን እኔ ጋ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

መጀመሪያ እትዬ ዘይነባ ጋ ሄድኩ። ገና ሳልጠይቃቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አንዱ ክር ቀጠነብኝና ሦስት አድርጌ ጠመጠምኩት። ለፖሊስ አልተናገርኩም። አንተን ቢወስዱብኝስ? ለደግ ብለህ ነው የመከርከኝ።»

ሦስት ያድርጉ አላልኳቸውም እኮ። ቢሆንም አንዱም ጥፋት ነው።

«ገመቹስ?» አልኳቸው።

አቀረቀሩ። «አላህ ያውቃል፣ እንቅልፍ የለኝም።»

እሳቸው ለኔ አዝነው፣ እኔ ለራሴ ፈርቼ ዝም ብለናል። እሳት ያጠፋው ሰው ደግሞ እስር ቤት ነው። ቀጥታ ጣቢያ ገባሁ።

መርማሪው ታሪኩን ሳያቋርጠኝ ሰማ። «ጥሩ። ኮመንቱን አሳየኝ» አለ።

«አጥፍቼዋለሁ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ማን ነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ስልክህን አምጣ። ሌላስ ምን አድርጉ እያልክ ትጽፋለህ?»

ስለ ሶኬትና ስለ ካውያ የጻፍኩትን ሁሉ አንድ በአንድ አነበበ። «ሁለቱን ገመድ አገናኙ» የሚለው ላይ ሲደርስ የሚስጥር መልእክት መስሎት ቀና ብሎ አየኝ... ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ከጣቢያው አልወጣም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ያዳኑኝ እትዬ ዘይነባ ናቸው። ከእሳቸው ዘንድ ተነስቼ የት እንደሄድኩ ገብቷቸው ተከትለውኝ መጡ። የጠቆረውን ፊውዝ ከፌስታል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሦስቱ ክር ቀልጦ ተጣብቆበታል።

«እኔ ነኝ የጠመጠምኩት። ልጁም ነው የመከረኝ። ገመቹ ግን ውሃ ነው የደፋልኝ» አሉ።

ቃላችንን ሰጥተን ፈረምን። ገመቹ ከሁለት ቀን በኋላ ተፈታ። እትዬ ዘይነባ እኔን እንዲከሱኝ ቢመከሩም እምቢ አሉ። ዝም በል ያለኝን ጓደኛዬን ደውዬ ስወቅሰው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እኔ እኮ የነገርኩህ እንደ ጓደኛ ነው፣ እንደ ጠበቃ አይደለም።»

አይ ጓደኛዬ! እኔስ እንደ ጎረቤት አልነበር የመከርኩት?

ገመቹን ልጠይቀው ቤቱ ሄድኩ። ከስቷል። ጫልቱ ወንበር ሰጠችኝ። ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርኩት።

«አንድ ክር ነው ያልካቸው?»

«አዎ።»

«ከዚያስ ስንት ቀን ዝም አልክ?»

«አራት።»

አንገቱን ነቀነቀ። «የሽቦውን ይቅር ብዬሃለሁ» አለኝ።

ስለ አራቱ ቀን ግን ምንም አላለም... እኔም እስከ ዛሬ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።