ሚስ ሀሪየት እና የአረጋሽ ልጅ

ያኔ ቻምበርስ ሮድ ላይ ከአረጋሽ ጋር ግድግዳ እንጋራ ነበር። እንደዚያ ያለ ጉርብትና ዛሬ ከየት ይመጣል? ይናፍቀኛል። አረጋሽ የምትሠራው እዚያው፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነበር። ከሁሉ አብልጣ የምትወዳቸው ሚስ ሀሪየት የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። እሷ ገላቸውን ታጥባቸዋለች፣ እሳቸው እንግሊዝኛዋን ያርሙላታል።

በፈረንጆቹ 2007 ልጇ ሰርካለም አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ለዜግነት ስታመለክት ፎርሙ ስም መቀየር ትፈልግ እንደሆነ ጠየቃት። አባቷ ምናሉ የሚባል፣ እናቷ ገና እርጉዝ ሳለች ጥሏት የጠፋ ሰው ነው። ልጅቷ ስሙን ትታ "አረጋሽ" ብላ ሞላች።

"ማሚ፣ ሬይዝ ያደረግሽኝ፣ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ" አለቻት።

አረጋሽ ጨሰች። "በእናቷ ስም የምትጠራ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ? አባቷ አይታወቅም እንዲሉኝ ነው?" ብላ እኔ ዘንድ መጣች። እኔም፣ አፌን በቆረጠው፣ "እውነትሽን ነው" አልኳት። እናትና ልጅ ሁለት ሳምንት ተኳረፉ። ፎርሙም ጠረጴዛው ላይ ከረመ።

አንድ ጠዋት አረጋሽ የሚስ ሀሪየትን ፀጉር እያበጠረች የሆዷን ዘረገፈችላቸው። እሳቸውም የራሳቸው ስም የወጣው በሀሪየት ተብማን፣ ባሪያዎችን ከደቡብ እያሾለከች ነጻ ባወጣችው ሴት፣ መሆኑን ነገሯት። አረጋሽም እንደ እኛ ሰው ሁለተኛው ስም የአባት መስሏት፣ "ተብማን አባቷ ናቸው?" ብላ ጠየቀች።

ሚስ ሀሪየት ሳቁ። "ተብማን ባሏ ነው፤ የአባቷ ስም ሮስ ነበር። እሷም ስትወለድ አራሚንታ ነበረች። ሀሪየት የእናቷ ስም ነው፣ በኋላ ራሷ ወሰደችው።"

"ለምን?"

"እናቷን ለማክበር ይላሉ።"

ያን ቀን አረጋሽ ወደ ቤቷ ሳትገባ በሬን አንኳኳች። "ያን ሁሉ ሰው ያወጣች ሴት በእናቷ ስም ካላፈረች፣ እኔ በራሴ ስም የማፍረው ምን ሆኜ ነው?" አለችኝ። በማግስቱ ፎርሙን ራሷ ፖስታ ቤት ወሰደችው።

የመሐላው ዕለት ዴንቨር ፍርድ ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። የዜግነት ወረቀት የምታድለው ሴት ስም እየጠራች ነበር። "ሰርካለም አረጋሽ" ስትል፣ ከልጅቷ ቀድማ አጠገቤ የነበረችው እናት "አቤት" ብላ ተነሳች። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያት። እንድትቀመጥ ቀሚሷን ጎተትኩ፤ ወዲያው ግን ለቀቅኩት። ትቁም፣ የተጠራው ስሟ ነው።