ሎሚ ወንድ ነው

ሰው ሲስል ስሰማ እስከ ዛሬ ድረስ መልሱን እጠብቃለሁ። ልጅ እያለሁ ድሬ ዳዋ ለገሃሬ በነበረው ቤታችን አባዬ በሳለ ቁጥር ከግቢው የሚመልስለት ነበር። ከፈለጋችሁ ሳቁብኝ፤ የምትመልስለት የቱርክ ዶሮ ነበረች።

አባዬ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ከቀፊራ ገበያ በካርቶን ይዟት የመጣ ቀን ገና ጫጩት ስለነበረች ወንድ ትሁን ሴት ማንም አላወቀም። እማዬ ግን እንቁላል እንቁላሉ ስለታያት "ሴት ናት" አለች፤ በዚያው ሴት ሆና ቀረች። ሎሚ ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ትቀበለኛለች። በዚያ በሚያቃጥል ቀትር ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አብረን ጋደም እንላለን፤ ላባዋ አቧራና የደረቀ ቅጠል ይሸታል። እህት አልነበረኝም፤ እሷ ነበረችኝ።

አባዬ የታመመ ዓመት ሎሚ አድጋለች። ቤት ውስጥ ሙቀቱ ስለማያስቀምጥ አልጋው በረንዳ ላይ ወጣለት። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሲስል ሎሚ አንገቷን ወደ ፊት ወርውራ ከጉሮሮዋ የሚንተከተክ ጩኸት አወጣች። ደግሞ ሳለ፤ ደግማ መለሰች። መጀመሪያ ሰሞን ስቀን ነበር። እያደር ግን ሳቁ ጠፋ። አልጋው አጠገብ ቆማ በአንድ ዓይኗ እያየችው ሳሉን ትጠብቃለች። ቆይታ ደግሞ ትቀድመው ጀመር። እሷ ትጮሃለች፣ ትንሽ ዝም ይባላል፣ ከዚያ አባዬ ይስላል። መፍራት የጀመርኩት ያኔ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ አንድ ቀን ሊጠይቁት መጥተው ይህንኑ በዓይናቸው አዩ። እማዬን ወደ ጓዳ ወስደው፣ "ሴት ዶሮ ስትጮህ ዝም ትባላለች እንዴ? ባልሽን እየጠራችብሽ እኮ ነው። ዛሬውኑ አሳርጃት" አሏት። በእኛ ሰፈር እንደ አውራ የጮኸች ሴት ዶሮ ሞት ትጠራለች ስለሚባል አታድርም፤ ይሄን ልጅ አዋቂው ያውቃል። ወንድ ከሆነማ ቢጮህ ምን አለበት፣ ሥራው ነው። እማዬ ባሏ እጇ ላይ እያለቀባት ነው፤ ምን ታድርግ። የሚያርድ ሰው አስጠራች።

ሎሚን አቅፌ ወደ አባዬ ሮጥኩ። ከማልቀሴ የተነሳ መናገር አቃተኝ። እሱ ግን ገብቶታል፤ በክንዱ ተደግፎ ቀና አለና "እስቲ አምጪው" አለኝ። "አምጪው" ነው ያለው። ደረቷን በጣቱ ሲዳብስ ቆየና ለእማዬም ለእትዬ አስካለም እንዲሰማ ጮክ ብሎ እንዲህ አለ፤ "ወንዱ እዚህ ደረቱ ላይ እንደ ጭራ ያለ ፀጉር ያበቅላል፤ ይኸው አብቅሏል። ወንድ ነው አቦ፣ ተዉት ይጩህበት።" ከዚያ እጄን ይዞ ላባዋ መሃል ከተተው። የሆነ ሻካራ ነገር የነካሁ መሰለኝ፤ ያልነካሁም መሰለኝ።

"ነካሽው?" አለኝ ዓይን ዓይኔን እያየ።

"ነካሁት" አልኩ።

ሊያርድ የመጣው ሰውዬ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። እትዬ አስካለ አላመኑም፤ ቢሆንም የታመመ ሰው ቃል ላይ ማን ይከራከራል።

አባዬ ከዚያ ብዙ አልቆየም። ሰፈሩ በለቅሶ ሲናጋ ሎሚ ድምጿን አላሰማችም። አልጋው ሥር ገብታ፣ ውጪ ቢሏትም አልወጣ አለች። ከቀብር መልስ አልጋውን ልናነሳ እማዬ ጎንበስ ስትል እንቁላል አገኘች። ከዶሮ እንቁላል የሚተልቅ፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት ነው። ነካሁት፤ ትኩስ ነበር።

እማዬ ለረጅም ጊዜ አየችው። ቀስ ብላ በነጠላዋ ጠቀለለችውና "ለማንም እንዳትነግሪ። አባትሽ ወንድ ነው ብሏል" አለችኝ። ሎሚ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ሳትጮህ፣ በዕድሜዋ ሞተች።

ዛሬ ሰፈሩ የባጃጅ ጡሩምባ ብቻ ሆኗል፤ የጎረቤትን ሳል የሚሰማም የለም። ባለፈው ልጄ ስልኳ ላይ የቱርክ ዶሮ አሳየችኝ። "እማ፣ እንደዚህ የሚጮኸው ወንዱ ብቻ ነው ይላል። ያንቺዋ ሎሚ ምን ነበረች?" አለችኝ። ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ሳልኩ፤ ሳላስበውም ጆሮዬን ወደ ግቢው ጣልኩ። ምንም የለም። አባዬ ናፈቀኝ።

"ወንድ ነበር" አልኳት። "ፀጉሩን በእጄ ነክቼዋለሁ።"