ግድግዳ ላይ የተኛችው

ነፋሷ ይሏታል። እናት አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ግን በምትሠራበት ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሚያስታውሰው ያለ አይመስልም። ነፋሷ የተባለችው ቁጭ ብላ ያያት ሰው ስለሌለ ነው። ጠዋት መወልወያዋን ይዛ ኮሪደር ላይ፣ እኩለ ቀን ደረጃ ላይ፣ አመሻሹ ላይ መስኮት ላይ ናት። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ አንገቷን ደፍታ ሽው ትላለች። ሰላም ሲሏት እንኳ መልሷ የሚሰማው ጀርባዋን ከሰጠች በኋላ ነው።

ሰውም ይህን አይቶ «እሷማ ድካም የሚባል አታውቅም» ይላል። ወይ ሰው! ሲያወራ ማን ይከለክለዋል? ቤቷ አልጋ ላይ የቀረች እናት አለቻት። አሮጊቷ ቀኑን እንደ ሕፃን ተኝታ ትውልና ማታ ማታ ዓይኗ ይፈጣል። ውሃ ስጪኝ፣ አገላብጪኝ፣ በሩ ተቆልፏል ወይ፣ የሚያንኳኳው ማነው ሲባል ይነጋል። የነፋሷ ልጅ ደግሞ ነርስ ልትሆን ምንም አልቀራትም፤ ፈተና አለባት፤ እሷን እንዳትረብሽ ነፋሷ በገዛ ቤቷ በእግር ጣቷ ነው የምትሄደው። ሲነጋ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ትለቃለቅና ወደ ሥራ ትሮጣለች። የሦስቱም ኑሮ የተንጠለጠለው በዚያች መወልወያ ላይ ነው።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ደግሞ እንቅልፍ ወንጀል ነው። ኃላፊውን ሠራተኛው «ጋሽ ሰዓት» ይላቸዋል፤ እሳቸው በሌሉበት ነው ታዲያ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ክፉ ሰው አይደሉም። የታመመ ይጠይቃሉ፣ ያዘነ ያጽናናሉ። ግን በሥራ ሰዓት ያንቀላፋ ሰው ካዩ ዘር ማንዘራቸውን የሰደበ ያህል ነው የሚቆጥሩት። ከነፋሷ በፊት የነበረችው ጽዳት ሠራተኛ ኮሪደር ላይ ባለ ወንበር ተቀምጣ ስታንቀላፋ አገኟትና በዚያው ቀን ተሰናበተች። ወንበሮቹም ተለቅመው ወጡ። «ወንበሩ ደግሞ ምን አጠፋ?» ብላ የጠየቀች ባለ ሻይዋ ብቻ ናት፤ እሷም በሹክሹክታ።

እንግዲህ ይቺው ባለ ሻይዋ ናት አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ እያለከለከች የደረሰችባት።

«አንቺ ሴት፣ ጉድሽ ፈላ! አዳራሽ ውስጥ ተሰቅለሻል!»

«ምኔ?»

«አንቺ ራስሽ ነሻ! ለፎቶ ሰቃዮቹ ሻይ ላደርስ ገብቼ ነው ያየሁት። ተጋድመሽ፣ ሻሽሽ ወልቆ፣ አፍሽን በሰፊው ከፍተሽ። የበር ያክላል!»

ነፋሷ ባልዲዋን ደረጃው ላይ አስቀመጠች። ከተማዋ ባለፈው ዓመት የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የሚባል ነገር ጀምራለች፤ አዳራሹም የትምህርት ቤቱ አጥርም በፎቶ ይሞላል። የዘንድሮው ቅዳሜ ጠዋት ይከፈታል፤ ሪባኑን የሚቆርጡት ጋሽ ሰዓት ራሳቸው ናቸው። የሆነው ሁሉ ያን ጊዜ ታወሳት። እናቷ ጭራሽ ዓይኗን ሳትከድን ባደረችበት ማግስት ነበር። ምንጣፍ የሚቀመጥበት ክፍል ገብታ፣ የተጠቀለሉት ምንጣፎች ላይ ለአፍታ ጎኗን አሳረፈች። በእንቅልፏ መሀል አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰምታለች። በር መስሏት ነበር።

«ካወቁኝ አለቀልኝ» አለች።

«እኔም ያወቅሁት በጫማሽ ነው፤ ያን የቀኙን በሽቦ የሰፋሽውን። እነሱ መቼ እግርሽን ያያሉ? ግን ጠርጥሪ። ያነሳችሽ አንዲት ልጅ ናት አሉ፤ በጠዋት ሂጂና ለምነሽ አስወርጂው።»

ቅዳሜ በጠዋት እናቷን አጥባ፣ አብልታ፣ ለልጇ አደራ ብላ ወጣች። ደህና ቀሚሷን ለብሳለች። እዚያ አዳራሽ ስንቴ ገብታ ወለሉን እንደፈገፈገች ቤቱ ይቁጠረው፤ መወልወያ ሳትይዝ ስትገባ ግን የመጀመሪያዋ ነው፤ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት። አንዴ ታጣምራቸዋለች፣ አንዴ ከኋላዋ ትደብቃቸዋለች። ፎቶ አንሺዋ ገና አልመጣችም። ትመጣለች፣ ይቺው መጣች፣ ቆይ ትንሽ ጠብቂ፣ እያሉ አቆሟት።

ሰው እየሞላ ሄደ። በዝናብ የራሰ ውሻ፣ ድልድይ ሥር የሚዋኙ ልጆች፣ ዱቄት በዱቄት የሆነ ዳቦ ጋጋሪ፣ ሁሉም በየግድግዳው ላይ ነው። ጎብኚው ስልኩን እያወጣ ፎቶውን ፎቶ ያነሳል። ምን ያለ ሥራ ፈትነት ነው! ነፋሷ በሰው መሀል ሹልክ ሹልክ እያለች መጨረሻው ግድግዳ ጋ ደረሰች፤ እዚያ ከራሷ ጋር ተገናኘች።

መጀመሪያ የተሰማት ኀፍረት ነበር። ያ ሁሉ ሽበት ለካ የእሷ ነው? አንገቷ ወደ ኋላ ወድቋል፤ አንድ እጇ ከምንጣፉ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጣቶቿ በሳሙና ተጨማደዋል። ደግሞስ ማን የተኛ ራሱን አይቶ ያውቃል? ቆይታ ቆይታ ግን ኀፍረቱ ለቀቃትና አንጀቷን በላት። ይቺ ሴት እንዴት ደክሟታል፣ አለች በልቧ፣ ምነው አንድ ሰው አይዞሽ በላት። ከሥሩ «እረፍት» የሚል ተጽፏል። እረፍት! ወድቃ ነው እንጂ ምን ዓይነት እረፍት ነው ይሄ?

«ሰክራ ነው» አለ አንዱ ከኋላዋ።

«ኧረ ሞታ ትሆናለች።»

«አይ፣ እንዴት ያለ ሰላም ነው!» አለች ሽቶ የተቀባች ሴት፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

የጽሕፈት ቤቱ ሒሳብ ሹምም መጣ። ጠረጴዛውን በየቀኑ የምትወለውልለት ሰው ነው። «ነፋሷ! አንቺም መጣሽ?» አላት። ከዚያ ቀና ብሎ ፎቶውን አየ፤ እሷና ፎቶዋ ጎን ለጎን ቆመዋል እኮ! «ምስኪን» አለና አለፈ። ነፋሷ እፎይ አለች። እፎይታው ግን እንደ እፎይታ አላደረጋትም።

ጋሽ ሰዓት በሰዓታቸው ደረሱ። ሪባን ቆረጡ፣ ተጨበጨበ፣ በየፎቶው ፊት እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ራሳቸውን እየነቀነቁ መጡ። እዚህኛው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«እናቴ እንዲህ ነበር የምትተኛው» አሉ ቀስ ብለው። «ስትለፋ ውላ መጥታ እንደገባች ነው የምትወድቀው። እኛ ልጆቿ ጫማዋን እናወልቅላት ነበር።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዞር ሲሉ ነፋሷን አዩ። «አንቺም አለሽ? ጎሽ! እዪ፣ እዪ፣ የእኛ ሰው እንዲህ ነው የሚለፋው!»

«አዎ፣ ጌታዬ» አለች ወለሉን እያየች።

ይሄኔ ፎቶ አንሺዋ መጣች። ካሜራ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ለጋ ልጅ ናት። ነፋሷን ስታይ ቀጥ አለች።

«እናቴ፣ እርስዎ ነዎት አይደል? ያን ቀን መሰላል ስፈልግ ተሳስቼ ገብቼ ነው። መቀስቀሱ አሳዘነኝ፤ ሳልጠይቅ ማንሳቴ ደግሞ ሲከነክነኝ ከረመ። ስፈልግዎት ነበር። ካልወደዱት አሁኑኑ አወርደዋለሁ።»

አያችሁ ጉዱን? ልትለምን የመጣችው ነገር ሳትለምን እጇ ላይ ወደቀላት። ግን ኃላፊው እንዲህ ቅርብ ቆመዋል፤ አውርጂልኝ ለማለት እኔ ነኝ ማለት አለባት። አልጋ ላይ ያለችው እናቷ ታየቻት፣ ደብተሯ ላይ ያቀረቀረችው ልጇ ታየቻት።

«ተሳስተሻል፣ ልጄ» አለች። «እኔ አይደለሁም።»

ልጅቷ የነፋሷን እጅ አየች፣ ፎቶውን አየች፤ የካሜራዋን ክዳን ገጠመች።

«ምኑ ነው የሚወርደው?» አሉ ጋሽ ሰዓት የፎቶ አንሺዋን የመጨረሻ ቃል ብቻ ሰምተው። «ፌስቲቫሉ ሲያልቅ ይህ ፎቶ ለእኔ ቢሮ ነው! ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት!»

በኋላ ባለ ሻይዋ ይህን ስትሰማ ልትፈነዳ ደረሰች። «ታዲያ ንገሪያቸዋ! ከወደዱሽ ምን ቸገረሽ? ሰው አልቅሶልሽ ደግሞ ትደበቂያለሽ?»

«እሳቸው የወደዱት የግድግዳዋን ነው» አለቻት ነፋሷ። «በእግሯ የቆመችውን ያባርሯታል።»

ፎቶው ቢሮ ገባ። ከዚያ ወዲህ ነፋሷ በየጠዋቱ መሰላል ላይ ወጥታ የገዛ ፊቷን አቧራ ትጠርጋለች። «ቀስ ብለሽ፣ እንዳትቧጭሪው» ይሏታል ኃላፊው። እንግዳ በመጣ ቁጥር የእናታቸውን ታሪክ ይነግሩታል፤ እንግዳውም ከንፈሩን ይመጥጣል፤ እሷም ባልዲዋን አንስታ ትወጣለች። ቀድሞ ይደክማት የነበረው ገላዋ ነበር። አሁን እሱ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት የፎቶውን መስታወት እያሸች፣ አንቺ ተኚ፣ እኔ እሠራለሁ፣ ብላ ስታጉረመርም ራሷን ሰማች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰንብቶ አንድ ማለዳ የሌሊት ዘበኛው ቢሮ ተጠራ። ሽማግሌ ነው፤ ጡረታው ደርሷል። ጋሽ ሰዓት በማለዳ ሲገቡ በር ላይ ዱላውን ተደግፎ ሲያንኮራፋ አግኝተውታል። ነፋሷ እንደተለመደው ፎቶው ጋ መሰላሉ ላይ ጨርቋን ይዛ ቆማለች።

«ምን ትላለህ?» አሉት።

«ባለቤቴ ታማብኝ ቀን ቀን ሳስታምም ነው የምውለው። ደክሞኝ ነው፣ ጌታዬ።»

«ድካም ሰበብ አይሆንም። ማን ያልደከመው አለ? ዛሬ አስረክበህ ትሄዳለህ።» እስክሪብቷቸውን አነሱ።

ሽማግሌው ኮፍያውን አወለቀና በሁለት እጁ ያዘው። ነፋሷ እጇ መስታወቱ ላይ ቀረ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እሷም ይህን ብላ ነው የኖረችው። ያን ዕለት ግን ዝምታው ነቀዘ።

«ይቺ እኔ ነኝ» አለች።

«ማን?»

«የተኛችው። እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ሳቁ። «አንቺ? ኧረ ተይ! አንቺማ ቁጭ ብለሽ እንኳ አይቼሽ አላውቅም!»

«ምንጣፍ ክፍል ውስጥ ነው። በሥራ ሰዓት።»

ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ፤ ማመን ግን አቃታቸው። እሷም ከመሰላሉ ወረደች። እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ማንም ተቀመጪ ሳይላት የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ሻሿን ከራሷ ላይ አወለቀች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጣለች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ለማሳየት ብላ ነበር። እንቅልፍ ግን ማስመሰል አያውቅም፤ ወንበሩም የእንግዳ ነውና ለስላሳ ነበር። አፏ ተከፈተ። አንድ እጇ ከወንበሩ ላይ ወርዶ ተንጠለጠለ።

የቀረውን ያወራው ዘበኛው ነው። ኃላፊው ወንበሩን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ ተመልሰው ወንበሩን አዩ። ቁጣ ፊታቸው ላይ መጣ፤ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው መጥሪያ ደወል ሄደ። ከዚያ ዓይናቸው በሽቦ የተሰፋው ጫማ ላይ አረፈና እጃቸው ሳይደርስ ቀረ። በመጨረሻ ተነሡ፤ ያልፈረሙበትን የስንብት ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ትተው፣ ሽማግሌውን በክንዱ ይዘው በእግር ጣታቸው ወጡ። «በሩን ቀስ ብለህ፣ ይጮኻል» አሉት።

ባለ ሻይዋ ረፋዱ ላይ ሻይ ይዛ ስትመጣ ጋሽ ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ናቸው። ግድግዳ ተደግፈው፣ አንድ እግራቸውን በሌላው እያሳረፉ፣ የተዘጋውን የቢሮአቸውን በር ይጠብቃሉ።

«እዚህ ወንበር የለም እንዴ?» አሏት በሹክሹክታ።

«ነበረ፣ ጋሼ» አለቻቸው።