አቀበቱ ሁሉ ስም ያለበት መንገድ

ዓርብ፣ ንጋት 12 ሰዓት

ከጅማ መናኸሪያ ወጣን። ቦንጋ ጂኦግራፊ እንዳስተምር ተመድቤ ነው፤ እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። አውቶቡሱ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ሲወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊት ይለበልባል። ድልድዩን ተሻግረን ሽቅብ ስንወጣ ግን ብርድ፣ ጉም፣ ከዚያም ደን። ማለቂያ የለውም። ሾፌሩ ጉልበቴ ላይ የጠቀለልኩትን ካርታ አይቶ፣ «መምህር፣ አፍህን ዝጋ እንጂ፣ ገና መች አየህ!» አለኝ።

ቦንጋ ኮረብታ ላይ የተንጠለጠለች ከተማ ናት። ሸለቆው በጉም ሲሞላ ደሴት ትመስላለች።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

አከራዬ ጋሽ ወልዴ ማንኪራ በምትባል የደን መንደር የንብ ቀፎ አላቸው። «ና፣ ደናችንን እይ» አሉኝና በእግር ሄድን። ከግዙፎቹ ዛፎች ሥር ቡናው ራሱን ችሎ በቅሏል።

«ማን ተከለው?»

«ወፍ» አሉ፣ ሳይስቁ።

5 ሰዓት

መንደሩ ስንደርስ ጩኸት ሰማን። አስቴር የምትባል ሴት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። መኪና አይገባም፣ ስልክ የለም። ጎረቤቶቿ ቦንጋ ጤና ጣቢያ ሊያደርሷት ቃሬዛ አሰሩ። ጋሽ ወልዴ አንዱን ጫፍ ያዙ፤ እኔም ሌላውን።

ዝናቡ ወረደ። በክፍል ውስጥ «ተዳፋት» እያልኩ በጠመኔ የምስለው ነገር አሁን ትከሻዬን ይቆርጠኛል። መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ሞልቶ ደረታችን ደረሰ፤ ቃሬዛውን ከራሳችን በላይ አነሳን። ባሏ ታደሰ ከጎኗ እየሄደ በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ያለማቋረጥ ያወራታል።

«ምን ይላታል?» አልኳቸው ጋሽ ወልዴን።

«አቀበቱን፣ ቁልቁለቱን፣ ኩርባውን በየስሙ እየጠራ፣ ‹ይኼ አለፈ፣ ያ ቀረ› ይላታል።»

ጆሮዬን ሰጠሁ። አንዱንም ስም ሳይደግም ስንት ሰዓት ጠራ! እኔ ደን ብቻ ባየሁበት ሁሉ ስም ነበረ። እሷም እየሰማች፣ ስም በተጠራ ቁጥር «እህ» ትላለች። ድምጿ ሲጠፋ ሁላችንም ሳንነጋገር እንሮጣለን።

10 ሰዓት

ቦንጋ ገባን። ጤና ጣቢያው በር ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀመጥን። ብዙ ቆይቶ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፤ ነርሷ ብቅ ብላ፣ «ሴት ናት፣ እናትየዋም ደህና ናት» አለች። ታደሰ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

ጎረቤቶቿ ቃሬዛቸውን ጠቀለሉ፤ ቢመሽም ዛሬውኑ መንደራቸው ሊመለሱ ነው። አንደኛው ሸሚዜን ገለጥ አድርጎ የቀላውን ትከሻዬን አየና፣ «መምህር፣ ይኼ ነገ ያብጣል። ቅቤ ቀባው» አለኝ። ከዚያ ያንኑ ቁልቁለት እየተጨዋወቱ ወረዱት።